እትዬ አስካለና የጋራዡ ወቅቶች

እትዬ አስካለ ያረፉት በኤፕሪል ነው፤ እዚህ ሜልቦርን ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን። እኔ እሳቸውን ካወቅኩ ጀምሮ ወቅቱን ጠብቀው ያደረጉት ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ብቻ ነው።

መርዶውን ያነበብኩት በቤተ ክርስቲያናችን የቫይበር ግሩፕ ላይ ነው። ከሥሩ ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ጽፏል። አንዷ «የሕፃናት እናት» አለች። ሌላው «የማይሳሳቱ መምህርት» አለ። አንድ ሽማግሌ «ትሑት ነበሩ» ብለው ሲጽፉ ስልኬን አስቀምጬ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ለሞተ ሰው ደግ ማውራት ወግ ነው፤ ግን ትሑት? እትዬ አስካለ እኮ ሲጸልዩ እንኳ እግዚአብሔርን የሚያርሙት ይመስሉ ነበር።

እኔ ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ግሩፑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ያልጻፍኩት ሆዴ ውስጥ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው አሁን የምጽፈው።

ቤታቸው ፖይንት ኩክ ነበር፤ ማለቴ የልጃቸው የማርታ ቤት። ማርታ ነርስ ናት፤ ሺፍቷ ቀንና ሌሊት ይቀያየራል። እናቷን ያመጣቻቸው ልጇን ናቲን እንዲጠብቁላት ነው። እትዬ አስካለ ግን ልጅ ለመጠበቅ የተፈጠሩ ሰው አልነበሩም። አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ናቸው፤ ልጅ ሲያዩ እጃቸው ጠመኔ ይፈልጋል። በመጡ በሁለተኛው ወር የማርታን መኪና ከጋራዥ አስወጥተው ጥቁር ሰሌዳ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ደጅ አድራ፣ ደጅ ውላ፣ የወፍ ኩስ መጫወቻ ሆነች።

ትምህርት ቤቱ ሦስት ተማሪዎች ነበሩት፦ ናቲ፣ የእኔ ልጅ ሊዲያ፣ እና አፍንጫው ፈስሶ የማያልቅ ኢዮብ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ልጅ። ሦስቱም የአራት ዓመት ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት እትዬ አስካለ የድስት ክዳን በማንኪያ ይደውላሉ። ልጆቹ በቁመት ይሰለፋሉ። ሦስት ልጅ በቁመት ለማሰለፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅም ትሉ ይሆናል፤ እሳቸው ሩብ ሰዓት ይፈጁበት ነበር። ሰልፉን ከፊት ወደ ኋላ ሲያዩት ስድሳ ልጅ የቆመ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ከኋላ የሚረብሽ እንዳለ ሁሉ አንገታቸውን ያሰግጉ ነበር።

እኔን ያገኙኝ ከአምልኮ በኋላ ሻይ በሚጠጣበት አዳራሽ ነው። ከሆሳዕና ከመጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሰው ሲበዛ ግድግዳ ተደግፌ መቆም ልማዴ ነው። በከዘራቸው ጠቆሙኝ።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ። ይቺ ልጅ ያንቺ ናት?»

«አዎ እትዬ። ሊዲያ ትባላለች።»

«አማርኛ ትናገራለች?»

«ትሰማለች።»

«ውሻም ይሰማል። ትናገራለች ወይ ነው ያልኩሽ።»

«በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው።»

«ሰኞ አምጪያት። አንቺስ ስንተኛ ክፍል ደርሰሻል?»

ሻይ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። «ስድስት» አልኩ በለሆሳስ።

«ጮክ በይ!»

«ስድስተኛ ክፍል!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ስድስት ለመቀስ በቂ ነው» አሉ።

ሰኞ ልጄን አድርሼ ልመለስ ስል መቀስ ሰጡኝ። እንደዚያ ሆኜ ቀረሁ። ባለቤቴ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር መጋዘን ውሎ ሲመጣ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ሲለኝ «ስቆርጥ» እለዋለሁ።

የምቆርጠው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማርታ ከኢንተርኔት ያወረደችው የሕፃናት መማሪያ ነበር፤ በየወሩ የተከፋፈለ፣ ልጆች ቤት ውስጥ እየቆረጡ፣ እየለጠፉና እየቀቡ ወቅቶችን የሚማሩበት። ማርታ ወሩ ሲገባ ፕሪንት ታደርገውና ሳታየው ጠረጴዛ ላይ ጥላው ወደ ሥራ ትሮጣለች። ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች የሚኖሩት በዓለም በላይኛው በኩል ነው። እነሱ ጋ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ በረዶ ነው። እኛ ጋ አስፋልት የሚቀልጥበት ነው። ይህን ለማወቅ ስድስተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም፤ በር መክፈት ይበቃል።

እትዬ አስካለ ግን በር አይከፍቱም። «ልጅ ውጭ ውጭ ካየ ልቡ ይከፈላል» ብለው ትልቁን የጋራዥ በር ዘግተው በመብራት ነው የሚያስተምሩት። ከሰሌዳው በላይ በትልቁ የጻፉት መፈክርም ነበራቸው፦ «ወቅቱን የማያውቅ ልጅ መንገዱን አያውቅም።» ጠዋት ጠዋት በዱላቸው እየጠቆሙ ሦስቱንም ያስብሏቸዋል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የበረዶ ሰውዬ ነበር። ፌብሩዋሪ ነው፤ ሙቀቱ አርባ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እኔ ጥጥ እበጣጥሳለሁ፣ ልጆቹ በማስቲሽ ካርቶን ላይ ይለጥፋሉ። ቬንትሌተር እንዳንከፍት ተከልክለናል፤ በረዶውን ይበትነዋል። ኢዮብ አፍንጫው ላይ ጥጥ ተጣብቆበት እሱ ራሱ የበረዶ ሰውዬ ሆኗል።

ናቲ «እማማ፣ ይሞቃል» አለ።

«ዝም በል! በረዶ ነው። በረዶ ላይ ምን ይደረጋል? ተንቀጥቀጥ!»

ልጁ ላቡ ባንገቱ እየወረደ ተንቀጠቀጠ።

እኔ ቀና ብዬ ሳያቸው እትዬ አስካለ ምን ላስብ እንደምችል ያወቁ ይመስል «እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስለ በረዶ ሰውዬ አስተምሬአለሁ» አሉኝ። «አንድም ልጅ የታለ ብሎ አልጠየቀኝም። ዘመኔን ሁሉ ከመምህሩ መምሪያ አንዲት መስመር ዘልዬ አላውቅም። መምሪያ አይሳሳትም። የዚህ አገር አየር ነው ሥርዓት ያጣው።»

ጁላይ ሲገባ ወረቀቱ «ወደ ባሕር እንሂድ» አለ። ከባሕሩ በኩል አጥንት የሚሰብር ነፋስ ይመጣል። እትዬ አስካለ ማስታጠቢያ ሙሉ አሸዋ አስገቡና ልጆቹን በቁምጣ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ እግራቸውን አሸዋው ውስጥ አስተከሏቸው። እሳቸው ካፖርት ደርበው፣ ነጠላ ተከናንበው፣ ሂተሩን እግራቸው ሥር አድርገው «ፀሐዩ እንዴት ነው ልጆች?» ይላሉ። ሊዲያ ሳምንት ሙሉ ስትስል ከረመች። ስነግራቸው «የባሕር አየር ለመድኃኒት ነው» አሉ። የትኛው ባሕር ልበል? ዝም አልኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምታዬ እንደ ድሮው አልነበረም። ድሮ የማልናገረው ስለማፍር ነበር። አሁን ትንሽ ደስ እያለኝ ነበር የማልናገረው።

ተርሙ ሲያልቅ ካርድ ይሰጣሉ። አዎ፣ ለአራት ዓመት ልጅ፤ ማርክ ያለው፣ አማካይ ያለው፣ ደረጃ ያለው። «ካርድ ያለ ማኅተም ወረቀት ነው» ስለሚሉ እኔ ከድንች ማኅተም እቀርጽላቸዋለሁ፤ ቀለም ነክረው ይመቱታል። ሊዲያ አንደኛ፣ ናቲ ሁለተኛ፣ ኢዮብ ሦስተኛ ወጣ። ኢዮብ አለቀሰ። እናቱ ግን አገር ቤት ላሉ ዘመዶቿ ሁሉ ደውላ «ልጄ ሦስተኛ ወጣ» ብላ አበሰረች። ከስንት ልጅ ብሎ የጠየቃት የለም።

እውነቱን ለመናገር ልጄ በአማርኛ መመለስ የጀመረችው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ ለእኔ ነበር፤ «አንቺ፣ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ!» የሚል።

ነገሩ የከረረው በሴፕቴምበር ነው። ማርታ የጁላዩን ሳል ሰምታ ኖሮ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ እኔ እየሰማሁ እናቷን እንዲህ አለቻቸው።

«እማዬ፣ ጁሊ የምትባል የኪንደር መምህርት አውቃለሁ። ረቡዕ መጥታ ታያለች። ደህና ነው ካለች ትቀጥያለሽ። አይሆንም ካለች ናቲ ኪንደር ይገባል፤ ጋራዡም ለመኪናው ይመለሳል።»

«የምትመዝነኝ ይቺ ጁሊ ስንት ዓመቷ ነው?»

«እማዬ!»

«ትምጣ። ሱፐርቫይዘር ፈርቼ አላውቅም።»

እንደማይፈሩ ነው ያወሩት። ማርታ ከወጣች በኋላ ግን የልጆቹ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «የሺ» አሉኝ። ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም ነበር። «ይቺን ጋራዥ ከወሰዱብኝ እዚህ አገር እኔ ምንድን ነኝ? የታጠበ ካልሲ የማጥፍ አሮጊት ነኝ። ቲቪ ፊት አስቀምጠው የማላውቀውን ቋንቋ ያሰሙኛል፣ በቃ።»

የወሩ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ፣ ዱባ፣ ሽኮኮ። በር ብከፍት ግን ከፊት ለፊት ጎረቤት ግቢ ያለው ዋትል የሚሉት ዛፍ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኗል፤ እንደኛ አገር መስከረም። ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቻለሁ።

«ምን አፍጥጠሽ ታይኛለሽ?» አሉ ቀና ብለው። «እስከ ረቡዕ ሁለት መቶ ቅጠል ያስፈልጋል። ቁረጪ እንጂ!»

አፌን ዘጋሁ። ቁረጪ ካሉኝ እቆርጣለሁ አልኩ በልቤ። ሁለት መቶ ቅጠል ቆረጥኩ፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቡናማ። እያንዳንዱን ስቆርጥ ረቡዕ የሚሆነውን እያየሁት ነበር። እንደዚያ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ አላውቅም።

ረቡዕ ጁሊ መጣች። ደብተር የያዘች፣ ፈገግታ የማይጠፋት ቀይ ሴት ናት። ማርታ ተከትላታለች። ጋራዡ እንደ ሠርግ ቤት አጊጧል፤ ከጣራው ቅጠል፣ ከግድግዳው ቅጠል፣ መሬቱ ላይ እግር የሚያሰጥም ቅጠል። እትዬ አስካለ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ልጆቹ ቆጠሩ፣ ዘመሩ፣ ሰላምታ ሰጡ። ጁሊ ደስ አላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ልጆች፣ አሁን ወቅቱ ምንድን ነው?» አለች።

«ኦተም!» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

እትዬ አስካለ ይህችን ቃል፣ የቅጠል መርገፊያውን ወቅት ስም፣ ያውቋታል፤ ራሳቸውን በኩራት ነቀነቁ። ጁሊ ግን ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ማርታን አየቻት። ማርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ልብ ብላ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ። ጁሊ «አየሩ ትንሽ ታፍኗል፣ በሩን ብንከፍተውስ?» አለች። ማርታ ቁልፉን ተጫነች።

ትልቁ በር እያንጓጓ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ፀሐይ ገባ። ቀጥሎ ከማዶ ያ ቢጫ ዛፍ ታየ፣ ንቡ ሳይቀር። ከዚያ ነፋስ ገባና ያን ሁሉ ቅጠል አንስቶ ወደ ደጅ ወሰደው። በሰው አገር የአበባ ወር፣ በማርታ መኪና ላይ፣ ሁለት መቶ ቅጠል ረገፈ።

ሊዲያ በጣቷ እያሳየች ለጁሊ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት፤ «እዚህ ውስጥ ኦተም ነው። ውጭ ስፕሪንግ ነው።»

ጁሊ ሳቀች። ደብተሯን ገልጣ መጻፍ ጀመረች። ማርታ ግንባሯን ያዘች።

«ምን አለች ልጅቷ? ይቺ ሴትዮ ምን ያስቃታል?» አሉ እትዬ አስካለ። ወደ እኔ ዞሩ። «የሺ! አንቺ ተናገሪ!»

ግድግዳውን ተደግፌ ነበር። ለቀቅኩት።

«እትዬ፣ ወቅቱ ተሳስቷል» አልኩ። «እዚህ አሁን አበባ የሚፈነዳበት ነው፤ ልክ እንደኛ መስከረም። ወረቀቱ የሌላ አገር ነው። ከበረዶው ጀምሮ ሁሉም ግልብጥ ነው።»

ዛፉን ረዥም ጊዜ አዩት። ዘመናቸውን ሁሉ መምሪያ ላይ ያጎነበሱ ዓይኖች ዛፍ ሲያዩ እንዴት እንደሚቸገሩ ያኔ አየሁ።

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከበረዶው ጀምሮ።»

«ታዲያ አፍሽን ማን ለጎመው?»

«ስድስት ለመቀስ በቂ ነው ብለውኝ ነበር።»

ማርታ «ውይ» አለች። ዱላው ከፍ ሲል እኔ ላይ የሚያርፍ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። መሬቱን አንድ ጊዜ መታ።

«ፈተና ነበር» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምን?» አለች ማርታ።

«ፈተና ነበር አልኩሽ። ማን ዓይኑን ገልጦ እንደሚሄድ ላይ ብዬ ነው። የሷ ልጅ አለፈች።» በዱላቸው ጠቆሙኝ። «እሷ ወደቀች።»

ማርታ ምን ታድርግ? ተረጎመችው። ጁሊ የዋህ ሴት ናት፣ አመነች። ልጅ ከወረቀት ይልቅ የገዛ ዓይኑን እንዲያምን ይህን ያህል ወር በትዕግሥት የሚጠብቅ አስተማሪ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ስትሄድ እትዬ አስካለን አቀፈቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ሚኒስትር ተቀበሏት። ጋራዡ ተረፈ።

የጁሊ መኪና ከተንቀሳቀሰች በኋላ ዞር ስል እትዬ አስካለ ደጅ ላይ ተንበርክከው ቅጠል ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይህኛው በትእዛዝ አልነበረም። አጠገባቸው ተንበርክኬ አብሬ ለቀምኩ።

«አንዲት እንዳታስቀሪ፤ ጎረቤት ያያል» አሉ። ከዚያ፣ ሳያዩኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሁለተኛ እያወቅሽ ዝም እንዳትዪኝ» አሉ።

በነጋታው ወረቀቶቹን ሁሉ አወጣን። ከእያንዳንዱ ላይ የወሩን ስም ቆርጬ ጣልኩና ትክክለኛውን በእጄ ጻፍኩበት። ጽሕፈቴን «የዶሮ ጭረት» አሉት፤ ግን ሌላ ሰው አላስጻፉም። በመጣው እሑድ ደግሞ ሻይ የሚጠጣው ሰው መካከል ቆመው ስለ ፈተናው ዘዴ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያስረዱ ሰማኋቸው። «ወራት ነው የጠበቅኩት» ሲሉ በዓይናቸው ፈለጉኝ። ሻዬን ጠጣሁ።

በዓመቱ ሦስቱም ልጆች ፕሬፕ፣ ማለትም መደበኛ ትምህርት ቤት፣ ገቡ፤ ጋራዡም ሌሎች ትንንሽ ልጆች ያዘ። እኔ መቀሴን አልለቀቅኩም። በሩ ክፍት ሆነ። በዚህ ኤፕሪል እውነተኛ ቅጠል ከመንገድ ለቅመን ልንለጥፍ ሳለን ነው ታመው ሆስፒታል የገቡት። አልተመለሱም።

ለቅሶ ቤት ማርታ ወደ ጓዳ ጠርታ ፖስታ ሰጠችኝ። «ከሰሌዳው ኋላ አገኘሁት። ያንቺ ስም አለበት» አለች። ስከፍተው ካርድ ነው። እንደ ልጆቹ ካርድ በማስመሪያ ተሰምሯል፤ ጥግ ላይ ከድሮው ጥጥ የተሠራ ትንሽ የበረዶ ሰውዬ ተለጥፎበታል። መቁረጥ፣ ዘጠና ስምንት። ሰዓት ማክበር፣ መቶ። ጽሕፈት፣ ስድሳ። ንግግር፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ አርባ። ባሕርይ የሚለው ላይ «ታውቃለች፣ አትናገርም፤ በመጨረሻ ግን ተናግራለች» ይላል። ደረጃ፣ ከሦስት ተማሪ አራተኛ።

ሳቄ አመለጠኝ። አፌን በነጠላ ሸፈንኩ። ሳሎን ያሉት «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

ሊዲያ መጥታ በብብቴ ሥር አንገቷን አስገባች። «እማዬ፣ ካርድ ነው? ስንተኛ ወጣሽ?»

«አራተኛ።»

«ከስንት?»

«ከሦስት።»

አሰበችበት። «እንደሱ አይቻልም» አለች። በአማርኛ ነው ያለችው።

«እሳቸው ይችላሉ» አልኳት።

ከታች ፊርማቸው አለ። ማኅተሙም አለ፤ ድንቹን ራሳቸው ቀርጸውት መሆን አለበት፣ ክቡ ጠማማ ነው፣ እኔ እንደዚያ አልቀርጽም። ከማኅተሙ በላይ በዚያ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ፣ «ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውራለች» ብለው ጽፈዋል።